ውሃ ልክ በጠመንጃ ላይ ምን ይሠራል?

አዲስ አበባ ውስጥ የኖረ ሰው ውሃ ልክን ሳያውቅ አይቀርም። ሕንፃ ከመሬት በተነሳ ቁጥር ግንበኛው ከቱንቢው ጋር ይዞት የሚወጣው፣ መሀሉ ላይ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ፈሳሽ ያለበት ብልቃጥ የተሰካበት ያ ረጅም ነገር ነው። በፈሳሹ ውስጥ አንዲት የአየር አረፋ አለች። አረፋዋ ከሁለቱ መስመሮች መካከል ከቆመች ሥራው ልክ ነው፤ ከሸሸች ግንበኛው ይቆጣል፣ ረዳቱ ይሰደባል፣ ብሎኬቱም ይነሳል።

ይህችው አረፋ አውራ ጣት በማታህል ብልቃጥ ውስጥ ሆና ዛሬ ዛሬ በአዳኞች ጠመንጃ ላይም ተሰክታ ትገኛለች። ቦታዋ ስኮፕ የሚባለው አቅርቦ የሚያሳይ የጠመንጃ መነጽር ላይ ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ በመነጽሩ ወገብ ላይ እንደ ቀለበት የሚታሰር አለ፣ ከመነጽሩ ማቀፊያ ጋር አብሮ የተሠራ አለ፣ የሚታጠፍ አለ፣ በባትሪ የሚሠራና መብራት የሚያበራም አለ። ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ነው። እኛ ደግሞ ታሪክ መቆፈር ልማድ ሆኖብን «መጀመሪያ ነገር ማን አመጣው? ለምንስ አመጣው?» እንላለን። ጥያቄያችን ከገዢው ጥያቄ የራቀ ይመስላል። አይደለም። ይህች አረፋ ጠመንጃ ላይ ወጥታ፣ ከዚያ ወርዳ፣ ተረስታ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ተመልሳ የወጣች ናት። ለምን እንደወጣችና ለምን እንደወረደች ያወቀ ሰው የትኛውን እንደሚገዛ፣ እንዲያውም ጨርሶ መግዛት ያስፈልገው እንደሆነ ለመወሰን አይቸገርም።

(እኛ የከተማ ልጆች ጠመንጃን የምናውቀው ከአያቶቻችን የግድግዳ ፎቶግራፍና ከፊልም ነው። አድነንም አናውቅም። የሰው ልጅ ቀጥ ብያለሁ ብሎ ሲያስብ ምን ያህል ዘንበል እንደሚል ግን ለከተሜም ለገጠሬም የሚሆን ወሬ ነው ብለን እናምናለን። ደግሞ ከዚህ በታች ዓመተ ምሕረቱ በግልጽ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የፓሪሱ ሰውዬና የእኛ ዓባይ

ከውሃ ልክ በፊት ቱንቢ ነበረ። ክርና ክብደት፣ አለቀ። ግብፆች ፒራሚድ ሲገነቡም ከዚህ የተለየ አልነበራቸውም። ቱንቢ የማይዋሽ መሣሪያ ነው፤ ችግሩ ነፋስ ሲኖር መወዛወዙ፣ ቦታ መፈለጉና ትዕግሥት መጠየቁ ነው።

አረፋውን ያመጣው መልኪሴዴቅ ቴቬኖ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1661 ለሆላንዳዊው ሳይንቲስት ለክርስቲያን ሁይገንስ በጻፈው ደብዳቤ ላይ መሣሪያውን ገልጾለታል። አልኮል የሞላበት፣ ጥቂት አየር የቀረበት፣ ጫፉ የታሸገ የመስታወት ቱቦ ነው። አልኮል የሆነበት ምክንያት አለው። ውሃ በብርድ ይረጋል፣ መስታወቱም ላይ ይጣበቅና አረፋው ይንቀረፈፋል፤ አልኮል ግን ቀጭን ነው፣ አረፋው ይፈጥናል። ቴቬኖ ሀብታም ሰው ነበር፤ በቤቱ ሊቃውንትን እየሰበሰበ ያነጋግር ነበር፤ በኋላም የንጉሥ ሉዊ 14ኛ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኗል። ስለ ዋና የጻፈው መጽሐፍ እንኳ ከሞተ በኋላ በ1696 ታትሟል። በአጭሩ የማይገባበት ነገር አልነበረም።

እኛን የሚያስደስተን ግን ሌላው ሥራው ነው። ቴቬኖ የመንገደኞችን ጽሑፍ እየሰበሰበ በፈረንሳይኛ ያሳትም ነበር። በ1672 በወጣው ክፍል ውስጥ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን አገራችን የነበሩት ኢየሱሳውያን ካህናት፣ ማኖኤል ደ አልሜይዳና ጀሮኒሞ ሎቦ፣ ስለ ኢትዮጵያና ስለ ዓባይ ምንጭ የጻፉት ይገኝበታል። ዛሬ ሰሚት ወይም ገርጂ ግንበኛው እጅ ላይ የምናያትን አረፋ ያመጣው ሰው ስለ ጎጃምና ስለ ግሼ ዓባይ የተጻፈውን አርሞ ለአውሮፓ ያቀረበ ሰው ነበር ማለት ነው። ይህን ስናነብ ለአፍታ አቆምን፤ አንባቢም ለአፍታ ቢያቆም አይከፋንም።

የብልቃጡ ምስጢር ቱቦው ቀጥ ያለ አለመሆኑ ነው። በጥቂቱ ወደ ላይ ቀስት ተደርጎ ይሠራል፤ አረፋው ሁልጊዜ ወደ ከፍተኛው ነጥብ ይሸሻል። ቀስቱ በጣም ለጥ ያለ ከሆነ አረፋው በትንሽ ነገር ይደነግጣል፤ ቀስቱ ጎበጥ ያለ ከሆነ ደግሞ ብዙ ካልተዘነበለ አይነቃነቅም። ይህችን ነገር አንባቢ ይያዝልን፤ ወደ ግዢው ስንደርስ ታስፈልገናለች።

ሳይን የሚባለው ነገር ለካ ይጠቅማል

ጥይት ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለናል። አይሄድም። ከአፈሙዝ ከወጣባት ቅጽበት ጀምሮ ይወድቃል። ስለዚህ ተኳሹ አፈሙዙን ከዒላማው በላይ ጥቂት ቀና ያደርጋል፤ ወንጭፍ የሚወረውር እረኛ ከሚያደርገው አይለይም። መነጽሩ ላይ ያለው መዘወሪያም ሥራው ይኸው ነው፤ ርቀቱ ሲጨምር የቀናውን መጠን ይጨምራል።

ጠመንጃው ቀጥ ብሎ ከተያዘ ያ ቀና ማለት በሙሉ ወደ ላይ ይሄዳል። ጠመንጃው በራሱ ዛቢያ ላይ ወደ ቀኝ ዘንበል ካለ ግን ከፊሉ ወደ ቀኝ ይሄዳል። የመነጽሩ መስቀል ዒላማው ላይ ነው፣ ትንፋሽ ተይዟል፣ ቃታው በእርጋታ ተስቧል፣ ሁሉም ልክ ነው፤ ጥይቱ ግን ወደ ቀኝና ጥቂት ወደ ታች ያርፋል። ተኳሹም ነፋሱን ይረግማል።

መጠኑን ማወቅ ለሚፈልግ፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ «ይህ ነገር ለምን ይጠቅመናል?» ያልንባት ሳይን መጣች። ጥይቱ የሚወርደውን ቁመት በዝንባሌው ሳይን ማባዛት ነው። 5 ዲግሪ እንውሰድ። የግድግዳ ሰዓት የደቂቃ ቆጣሪ አንዲት ደቂቃ ስትራመድ 6 ዲግሪ ነው፤ 5 ዲግሪ ከዚያም ያንሳል። በ100 ሜትር ርቀት ዘመናዊ የአደን ጥይት የሚወርደው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ስለሆነ የጎን ስሕተቱ 1 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ማንም አያየውም። በ500 ሜትር አካባቢ ግን እንደ ጥይቱ ዓይነት ከ2 እስከ 3 ሜትር ይወርዳል። እዚያ 5 ዲግሪ ማለት ከ17 እስከ 26 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን መሄድ ነው። የአንድ መካከለኛ አጋዘን ልብና ሳንባ የሚገኙበት ስፍራ ስፋቱ ከዚህ ብዙ አይበልጥም። መሀሉ ላይ የታለመ ጥይት 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ሄደ ማለት ሆድ ዕቃ ላይ አረፈ ማለት ነው። እንስሳው ወዲያው አይወድቅም። ይሮጣል፣ ጫካ ይገባል፣ አንዳንዴ ሰዓታት አንዳንዴም ቀናት ቆይቶ ማንም ሳያገኘው ይሞታል። አረፋዋ ጌጥ ናት አይደለችም የሚለው ክርክር መልስ የሚያገኘው እዚህ ላይ ይመስለናል።

«ሰው ታዲያ መዘንበሉን ራሱ አያውቅም ወይ?» የሚል ይኖራል። አያውቅም። በ1948 ሰሎሞን አሽና ኸርማን ዊትኪን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሰዎችን ዘንበል ካለ ክፈፍ ወይም ክፍል ፊት ለፊት እያደረጉ አንድን ዘንግ ቀጥ አድርጉ ብለዋቸው ነበር። ብዙዎቹ ዘንጉን ወደ ክፈፉ ዝንባሌ አስጠግተው «ይኸው ቀጥ አለ» አሉ። ዓይን ዙሪያውን አይቶ ነው የሚፈርደው። ተራራ ገደል ላይ የተኛ አዳኝ ዙሪያው በሙሉ ዘንበል ያለ ነው፤ ጠመንጃውን ከቁልቁለቱ ጋር ያመሳስለዋል፤ ልቡ ግን ቀጥ እንዳለ ይምልለታል።

በሦስት ነጥብ የጠፋ ጨዋታ

የጠመንጃ መነጽር ከውሃ ልኩ ጋር አብሮ የመጣ ይመስላል፤ ነገር ግን ታሪካቸው ለየብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ መሐንዲሱ ጆን ቻፕማን በ1840ዎቹ ባሳተመው መጽሐፍ በጠመንጃ ላይ ስለሚሰካ ረጅም ቱቦ መነጽር ጽፏል፤ መነጽሩን የሠራለት የዩቲካ ከተማው ጠመንጃ ሠሪ ሞርጋን ጄምስ ነው። በ1850ዎቹ አጋማሽ ዊሊያም ማልከም የተሻለ መስታወት ይዞ መጣ። በእርስ በርስ ጦርነታቸው (ከ1861 እስከ 1865) አልሞ ተኳሾች እነዚህን መነጽሮች ተጠቅመውባቸዋል።

አረፋዋ የነገሠችው ግን መነጽር በተከለከለበት ሜዳ ላይ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የኒው ዮርክ ሰዎች ወታደሮቻቸው ተኩስ እንደማይችሉ አስተውለው በ1871 ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ሎንግ አይላንድ ላይ የክሪድ ቤተሰብ እርሻ የነበረውን ቦታ ይዞ የተኩስ ሜዳ አደረገው። ስሙም ክሪድሙር ተባለ። (ዛሬ ሜዳው የለም፤ ስሙን የወረሰው እዚያው ያለ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነው። በ2007 የወጣ አንድ ዝነኛ የጥይት ዓይነትም በዚህ ስም ይጠራል፤ አዳኞች ስሙን የሚያውቁት በጥይቱ ነው።)

በ1873 የአየርላንድ ቡድን እንግሊዝንና ስኮትላንድን አሸነፈና ልቡ አበጠ። አለቃቸው ሻለቃ ሊች በኒው ዮርክ ጋዜጣ ላይ አሜሪካውያንን «ኑ፣ ይዋጣልን» አላቸው። አሜሪካውያኑ በዚያን ጊዜ በዚህ ርቀት የሚተኩስ ጠመንጃ እንኳ አልነበራቸውም። ሬሚንግተንና ሻርፕስ የተባሉት ሠሪዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ሠርተው አቀረቡ። የሬሚንግተኑን ያዘጋጀው ሉዊስ ሄፕበርን የቡድኑ ተኳሽም ሆነ። ፋብሪካው ውስጥ ሠርቶ፣ ሜዳ ወርዶ በሠራው መተኮስ ማለት ይኼ ነው።

ውድድሩ መስከረም 26 ቀን 1874 ተካሄደ። ርቀቱ 800፣ 900 እና 1000 ያርድ ነበር፤ የመጨረሻው በእኛ ልክ 914 ሜትር ይሆናል። ከእያንዳንዱ ወገን 6 ሰው፣ ለእያንዳንዱ ሰው በእያንዳንዱ ርቀት 15 ጥይት። መነጽር አይፈቀድም፤ ጠመንጃን በድጋፍ ላይ ማስቀመጥም አይፈቀድም። ታዲያ ተኳሾቹ ከኋላ በብሎን የሚስተካከል ቀዳዳ ማነጣጠሪያ፣ ከፊት ደግሞ ክብ ማነጣጠሪያ ነበራቸው። ከፊተኛው ማነጣጠሪያ ሥር አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ተጋድማ ተሰክታለች። በብልቃጧ ውስጥም አረፋ።

ለምን እንዳስፈለገች ሒሳቡ ይነግረናል። የዚያ ዘመን ጥቁር ባሩድ ከባዱን የእርሳስ ጥይት የሚገፋው ቀስ አድርጎ ነው፤ 1000 ያርድ ለመድረስ ወደ 3 ሰከንድ ይፈጅበታል። በ3 ሰከንድ ውስጥ ጥይቱ ከ30 ሜትር በላይ ይወርዳል። እዚህ ላይ 5 ዲግሪ አያስፈልግም፤ 1 ዲግሪ ብቻ ዘንበል ማለት ጥይቱን ከግማሽ ሜትር በላይ ወደ ጎን ይወስደዋል። የዒላማው እምብርት ደግሞ 3 ጫማ በ3 ጫማ ነበረ፤ ከመሀሉ እስከ ጠርዙ 46 ሴንቲ ሜትር ገደማ። በሌላ አነጋገር የሰዓት ቆጣሪዋ አንድ ስድስተኛ ደቂቃ የምትራመደው ያህል የዘነበለ ሰው እምብርቱን ይስታል። በዓይን ይህን የሚያይ ፍጡር የለም። አረፋዋ ግን ታየዋለች።

የውድድሩ አጨራረስ ፊልም የሚወጣው ነው። አየርላንዳዊው ሚልነር ልክ እምብርቱን መታ፤ የመታው ግን የጎረቤቱን ዒላማ ነበር። ዜሮ ተጻፈለት። በመጨረሻ አየርላንድ 931፣ አሜሪካ 930 ላይ ሆነው አንድ ጥይት ቀረ፤ ተኳሹ ኮሎኔል ጆን ቦዲን ነው። ሰውዬው ጥቂት ቀደም ብሎ የዝንጅብል መጠጥ ጠርሙስ እጁ ላይ ፈንድቶበት ደሙ ይፈሳል። እጁን በመሐረብ ጠቅልሎ ተኛ፣ ተኮሰ፣ እምብርቱን መታ። 934 ለ931። እምብርት 4 ነጥብ ነበረና የሚልነር ጥይት በራሱ ዒላማ ላይ ቢያርፍ ኖሮ አየርላንድ 935 ይሆን ነበር። የዝንባሌን ነገር የሚጠብቅ ብልቃጥ ነበራቸው፤ «የራስህን ዒላማ አይተሃል ወይ?» የሚል ብልቃጥ ግን እስከ ዛሬ አልተሠራም።

ያው ጠመንጃ በጉንደት

የሬሚንግተን ጠመንጃ ሲነሳ ወደ አገራችን ሳንሻገር አንቀርም፤ ምክንያቱም ያው ጠመንጃ ራሱ ተሻግሯል። ክሪድሙር ላይ ያሸነፈው ከኋላ የሚጎርሰው የሬሚንግተን አሠራር የግብፁ ከዲቭ ኢስማኤል ጦርም በብዛት የታጠቀው ነበር። ጦሩን ያሠለጥኑ ከነበሩት መኮንኖች ውስጥም የአሜሪካ እርስ በርስ ጦርነት ተዋጊዎች ነበሩበት። ይህ ጦር በ1868 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ መጀመሪያ ጉንደት ከዚያም ጉራዕ ላይ ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ጋር ገጥሞ ተሸነፈ፤ በሺዎች የሚቆጠር ጠመንጃም ለአሸናፊው ቀረ። ከክሪድሙር ውድድር እስከ ጉንደት ያለው ጊዜ ከ14 ወር አይበልጥም።

እነዚያ የጦር ሜዳ ሬሚንግተኖች ግን አረፋ አልነበራቸውም። ሊኖራቸውም ምክንያት የለም። ጠላት እየሮጠ ሲመጣብህ፣ ርቀቱ ጎራዴ ሊያማዝዝ ሲቃረብ ማን ብልቃጥ ያያል? ያው ጠመንጃ ለውድድር ሲሆን አረፋ ይሰካበታል፤ ለጦርነት ሲሆን ይወልቃል። ልዩነቱ ርቀትና ጊዜ ነው።

ይህን ያየ ሰው ቀጥሎ የሆነው አይገርመውም። በ1884 ፈረንሳዊው ፖል ቪየይ ጭስ አልባ ባሩድ ሠራ፤ በ1886 ለቤል የተባለው ጠመንጃ በዚሁ ባሩድ ወጣ። የጥይት ፍጥነት በሰከንድ ከ400 ሜትር አካባቢ ተነስቶ 600ን ተሻገረ። ጥይቱ ፈጠነ ማለት መንገዱ ለጥ አለ፣ የሚወርድበትም ጊዜ አጠረ ማለት ነው። አዳኙ ደግሞ በአብዛኛው ከ200 ሜትር ወዲህ ነው የሚተኩሰው። በዚያ ርቀት አረፋ ምን ሊሠራ? ወረደች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ከአዳኞች መነጽር ያላቸውን ጠመንጃዎች እየሰበሰቡ ወደ ምሽግ ሲልኩ፣ በእንግሊዝ በኩልም አዳኝ የነበረው ኼስኬት ፕሪቻርድ የአልሞ ተኳሾች ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ ዋናው ነገር መነጽሩ ነበር። ውሃ ልክ ከሩቅ ርቀት ተወዳዳሪዎች በስተቀር ለማንም ትዝ አላለውም።

የመለሳት ሌላ መሣሪያ ነው። በ1990ዎቹ ርቀት በጨረር የሚለካ መሣሪያ በተራ አዳኝ ኪስ ውስጥ ገባ። ርቀቱን በሜትር ያወቀ ሰው መዘወሪያውን ለዚያ ርቀት ማዞር ጀመረ፤ መዘወሪያ ያለው ደግሞ ወደ ሩቅ መተኮስ አማረው። 200 ሜትር 400 ሆነ፣ 400ው 600 ሆነ። ጥይቱ እንደ ገና ሜትሮች መውረድ ጀመረ፤ የክሪድሙር ሒሳብ እንደ ገና መጣ፤ አረፋዋም ተከትላ። ሻጮች «አዲስ ግኝት» ብለው ሲያቀርቧት ፈገግ ብንል አይፈረድብን።

እንግዲህ ወደ ግዢው

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምርጫው ቀላል ነው ባንልም መንገዱ ግልጽ ነው። ከ200 ሜትር ወዲያ የማይተኩስ ሰው አያስፈልገውም። ገንዘቡን ጥይት ገዝቶ ቢለማመድበት ይሻለዋል። (ሻጭ ይህን አይነግረውም።) መዘወሪያ እያዞረ ከ300 ሜትር በላይ የሚያስብ ሰው ግን ያለ አረፋ ባይተኩስ ለእንስሳውም ለራሱም ደግ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ዋናው ጥያቄ አረፋው ከምን ጋር ይስማማ ነው። ብዙ ሰው ከጠመንጃው አካል ጋር መስማማት ያለበት ይመስለዋል። ስሕተት ነው። መስማማት ያለበት ከመነጽሩ መስቀል ቋሚ መስመር ጋር ነው፤ ምክንያቱም ቀናውን የሚለካው መስቀሉና መዘወሪያው ናቸው። ስለዚህ የመነጽሩን ቱቦ እንደ ቀለበት አቅፎ የሚታሰረው ዓይነት ብልጫ አለው፤ አዙረህ ከመስቀሉ ጋር ታስማማዋለህ፣ ከዚያ ታጠብቀዋለህ። ጠመንጃው ጀርባ ላይ ያለው ሐዲድ ላይ የሚሰካው ግን የሚያምነው ሐዲዱን ነው፤ መነጽሩ ማቀፊያው ውስጥ ጥቂት ዞሮ ከታሰረ አረፋው መሀል ቆማ ትዋሻለች። አጠማምማ የምታሳይ አረፋ ደግሞ ከሌለችው ትብሳለች፤ የሌለው ሰው ቢያንስ ይጠራጠራል።

የቱቦው ውፍረት መለካት አለበት። የተለመዱት 25.4፣ 30 እና 34 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ የ30ውን 34 ላይ በግድ የሚያስገባ የለም፣ የ34ቱን 30 ላይ ወረቀት ጠቅልሎ የሚያስር ግን አይጠፋም። አይደረግም። ብሎኑንም ከልክ በላይ ማጥበቅ ቱቦውን ይጎዳል፤ የመነጽሩ ውስጥ ደግሞ ተንቀሳቃሽ ነገር ነው።

ስለ ብልቃጡ ቀስት ያልነው እዚህ ይመጣል። በጣም ደንጋጭ አረፋ የሚያምር ይመስላል፤ እጅ ላይ በተያዘ ጠመንጃ ላይ ግን መሀል ላይ አንድም ቀን አትቆምም። አዳኙ አረፋ ሲያባርር እንስሳው ይሄዳል። በጣም ደንቆሮ የሆነች አረፋም 3 ዲግሪ ዘንብሎ «ምንም የለም» ትላለች። ወደ 1 ዲግሪ ሲደርስ ከመስመሩ በግልጽ የምትወጣ መካከለኛ አረፋ ትበቃለች። ጥሩው አምራች ይህን ይጽፋል፤ ያልጻፈውን ሱቅ ውስጥ በእጅ ቀስ እያደረጉ አዘንብሎ ማየት ነው።

ቦታዋ ደግሞ ከዓይን ጋር ይስማማ። ጉንጭ ከሰደፉ ላይ ሳይነሳ መታየት አለባት። በቀኝ ዓይኑ የሚያነጣጥር ሰው ግራውን ገልጦ በጨረፍታ የሚያያት ግራ በኩል ወጣ ያለች አረፋ ትመቸዋለች። ጭንቅላቱን ካነሳ አያያዙ ተበላሸ፤ አረፋዋም ያየችው ያለፈውን አያያዝ ነው። ጫካ ለጫካ ለሚሄድ የምትታጠፍ ትሻላለች፤ ቁጥቋጦ ይይዛታልና። የባትሪዋን እኛ አንወዳትም። በብርድ ማለዳ ባትሪ እንደሚከዳ ስልክ ያለው ሁሉ ያውቃል፤ የቴቬኖ አልኮል ግን ቻርጅ አይጠይቅም።

ባሌና አርሲ ተራሮች ላይ የሚኖረውን፣ ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም የማይገኘውን ደጋ አጋዘን እናስበው። ለሳይንሱ ዓለም የታወቀው በ1908 አይቮር በክስተን ባመጣው ናሙና ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለአሥርት ዓመታት የውጭ አገር አዳኞች በፈቃድና በክፍያ አድነውታል። የአደኑ ነገር ራሱ ሊያከራክር ይችላል፤ እኛም በመካከላችን ተከራክረንበታል፣ አልተስማማንም። የተስማማነው በአንድ ነገር ነው። እንስሳው የሚገኘው ዳገት ላይ ነው፤ ተኳሹ የሚተኛው ዳገት ላይ ነው፤ በሸለቆ ማዶ ርቀቱ ይረዝማል፤ አሽና ዊትኪን የገለጹት ዘንበል ያለ ክፈፍ ያለው እዚያው ነው። ፈቃድ ከፍሎ የመጣ ሰው ቁጥሩ በተመናመነ እንስሳ ላይ በዓይኑ ግምት መዘወሪያ እያዞረ የሚተኩስ ከሆነ አቆስሎ የሚያጠፋው ከሚጥለው ሊበልጥ ይችላል።

የገዛት አረፋ እውነተኛ መሆኗን ለማወቅ የሚያስፈልገው እንደ ገና ቱንቢ ነው። ከ20 ወይም 30 ሜትር ላይ ክር አንጠልጥሎ፣ ጠመንጃውን ረጋ ባለ ነገር ላይ አስቀምጦ፣ የመስቀሉን ቋሚ መስመር ከክሩ ጋር ማጋጠም፤ ያን ጊዜ አረፋዋ መሀል ካልሆነች አላልቶ ማስተካከልና ማጥበቅ። ቀጥሎ በ100 ሜትር ላይ በዚያው በቱንቢ ልክ የተሰመረ ረጅም መስመር ያለው ወረቀት ሰቅሎ፣ ሥሩ ላይ እያነጣጠሩ በመዘወሪያው 1 ሜትር ከፍ አድርጎ መተኮስ ነው። ቀዳዳዎቹ መስመሩን ተከትለው ከወጡ ደህና ነው። 1 ሜትር ላይ ሲደርሱ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ከሸሹ ወደ 3 ዲግሪ የሚጠጋ ጥመት አለ ማለት ነው፤ እንደ ገና ወደ ክሩ። ነፋስ ካለ ክሩ ስለሚወዛወዝ ግንበኞቻችን የሚያውቋት ዘዴ አለች፤ የቱንቢውን ክብደት ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ መንከር። ይረጋል።